የቡና አገር አፈር በባህር ወለል ላይ የሰጠው ምስክርነት

ከጅማ ወደ አጋሮ ያለው መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ተጓዥ ብዙም ሳይቆይ የሚጨርሰው ይህ መንገድ በመሐሉ አንድ ትልቅ ድንበር ያቋርጣል። ድንበሩ የወረዳ ወይም የዞን አይደለም፤ የውሃ ነው። በጅማ ከተማ መሐል የሚያልፈው አዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርድና ከግልገል ጊቤ ይቀላቀላል። ግልገል ጊቤም በጊቤና በኦሞ በኩል ቱርካና ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። አጋሮን አልፎ ወደ በደሌ የሚሄድ ሰው በድልድይ የሚሻገረው ዴዴሳ ግን ፊቱን ወደ ሰሜን ምዕራብ አዙሮ አባይን ይቀላቀላል፤ ከአባይም ጋር ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ወደ ሜዲትራኒያን ያመራል።

ስለዚህ የቡና አገር ሰው ክረምት በገባ ቁጥር የሚያየው ቀይ ጎርፍ ሁለት መድረሻ አለው። አንዱ ሐይቅ፣ ሌላው ባህር ነው። ወንዝ የወሰደው አፈር ደግሞ በእኛ ዘንድ ሄዶ የቀረ፣ የጠፋ ተደርጎ ነው የሚቆጠረው። የባህር ወለልን የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ግን አልጠፋም ይላሉ። ከኢትዮጵያ ደጋ የተነሣው ጭቃ በሜዲትራኒያን ወለል ላይ በሥርዓት ተደራርቦ ተቀምጧል። በውስጡ ያሉት እጅግ ጥቂት መጠን ያላቸው ንጥረ ነገሮች ሲለኩም፣ ባህሩ ያን ጊዜ ምን ይመስል እንደነበረ ብቻ ሳይሆን፣ አፈሩ የተነሣበት አገር ዝናቡና ደኑ እንዴት እንደነበረ ይናገራሉ። ምስክርነታቸው ዛሬ በጅማ ዙሪያ ለሚኖር ሰውም ሆነ መብራቱን ከጊቤ ለሚያገኝ የአዲስ አበባ ነዋሪ የሚጠቅም ነው።

ደለል እንዴት መዝገብ ይሆናል?

ከጀበና የተቀዳ ቡና ጥቂት ሲቆይ አተላው ከስኒው በታች ይቀራል። ባህርም እንደዚሁ ነው። ወንዝ ያመጣው ጭቃ፣ ነፋስ ያመጣው አቧራ፣ በውሃው ውስጥ ኖረው የሞቱ ጥቃቅን ፍጥረታት ቅሪት ሁሉ ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ይዘቅጣል። በጥልቁ የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ክፍል ይህ ዝቃጭ በሺህ ዓመት የሚጨምረው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ በናይል አፍ አካባቢ ደግሞ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። የታችኛው ከላይኛው ስለሚቀድም፣ ረጅም ቱቦ ወለሉ ውስጥ ተሰክቶ የሚወጣው የጭቃ ዘንግ ከላይ ወደ ታች ሲነበብ ከዛሬ ወደ ጥንት ይወስዳል።

ዕድሜውን ለማወቅ የፎራሚኒፈራን ቅርፊት በራዲዮ ካርቦን መለካት ይቻላል። ፎራሚኒፈራ በዓይን እምብዛም የማይታዩ፣ ከካልሲየም ካርቦኔት ቅርፊት የሚሠሩ የባህር ፍጥረታት ናቸው። ቅርፊታቸው ራሱ ቴርሞሜትር ነው፤ ውሃው ሲሞቅ በካልሲየም ቦታ ሾልኮ የሚገባው ማግኒዥየም መጠን ስለሚጨምር፣ የሁለቱን ንጽጽር የለካ ሰው የጥንቱን ባህር ሙቀት መገመት ይችላል።

ከዚያ በኋላ የሚመጡት ሌሎቹ ንጥረ ነገሮች ናቸው። ባሪየም፣ ሞሊብዲነም፣ ዩራኒየም፣ ቫናዲየም፣ ስትሮንቲየም። አብዛኞቹ በደለሉ ውስጥ የሚገኙት ከሚሊዮን እጅ ጥቂት ወይም ጥቂት መቶ እጅ ያህል ብቻ ነው። ትንሽ መሆናቸው ግን ጥቅማቸውን አይቀንሰውም። ዋናዎቹ እንደ ሲሊከንና አሉሚኒየም ያሉ ንጥረ ነገሮች በየትኛውም ጭቃ በብዛት ስላሉ ለውጥ በእነሱ ላይ ጎልቶ አይታይም። ጥቂት የሆነው ነገር ግን ሁኔታው ትንሽ ሲለወጥ ወዲያው ይጨምራል ወይም ይቀንሳል።

የሜዲትራኒያን ጥቁር ንብርብሮች

እ.ኤ.አ. በ1947 እና በ1948 አልባትሮስ የተባለችው የስዊድን የምርምር መርከብ ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን ወለል ያወጣቻቸው ናሙናዎች አንድ እንግዳ ነገር አሳዩ። ፈዘዝ ባለው የባህር ጭቃ መሐል ጥቁር ንብርብሮች ነበሩ። ሳፕሮፔል ተባሉ። ጥቁረታቸው የመጣው በብስባሽ ማለትም በሞቱ ፍጥረታት ቅሪት ስለተሞሉ ነው። በተለመደው ባህር እንዲህ ያለው ቅሪት ወለሉ ላይ ሳይከማች ኦክስጅን ያቃጥለዋል፤ ወይም በወለሉ የሚኖሩ እንስሳት ይበሉታል። እዚህ ግን ሳይነካ ቀርቷል። ምን ተፈጠረ?

መልሱን ከአፍሪካ ዝናብ ጋር ያገናኙት ፈረንሳዊቷ ተመራማሪ ማርቲን ሮሲኞል ስትሪክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባሳተሙት ጥናት ጥቁሮቹ ንብርብሮች የተፈጠሩት የአፍሪካ የክረምት ዝናብ በበረታባቸው ዘመናት መሆኑን አመለከቱ። የዚህም መነሻ የምድር ዘንግ ቀስ ያለ ሽክርክሪት ነው። ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርብበት ወር በ21 ሺህ ዓመት ገደማ አንድ ጊዜ ዑደቱን ይጨርሳል። ዛሬ የምትቀርበው በጥር መጀመሪያ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ከ10 ሺህ ዓመት በፊት ግን የምትቀርበው በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በጋ፣ ማለትም በእኛ ክረምት ነበር። ያን ጊዜ የብሱ ይበልጥ ይሞቃል፣ እርጥብ አየር ከውቅያኖስ ወደ መሬት ይሳባል፣ የኢትዮጵያ ደጋ ዝናብም ይበረታል። ሰሃራ እንኳ ሐይቅና የሣር ሜዳ የነበረው በዚያ ዘመን ነው።

በዚያን ጊዜ ናይል ወደ ሜዲትራኒያን የሚያፈሰው ውሃ እጅግ ብዙ ነበር። ጨው አልባው ውሃ ቀላል ስለሆነ በባህሩ ላይ እንደ ክዳን ተነጠፈ። በተለመደው ጊዜ በቀዝቃዛው ወቅት ከላይ ወደ ታች የሚሰምጠው አየር ያዘለ ውሃም መስመጥ ተወ። ጥልቁ ኦክስጅን አጣ፤ የሞተውም ሳይቃጠል ተከማቸ። የመጨረሻውና በሚገባ የተጠናው ጥቁር ንብርብር ከ10,800 እስከ 6,100 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ የተፈጠረ ነው።

አንድ አስደናቂ ነገር እዚህ ላይ ልብ ይሏል። በዚያ እርጥብ ዘመን ቱርካና ሐይቅ ከዛሬው በብዙ አሥር ሜትሮች ከፍ ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ትርፉም በሶባት በኩል ወደ ነጭ አባይ ይፈስ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ቱርካና ገብቶ የሚቀረው የጅማው አዌቱ ውሃ፣ ያኔ ልክ እንደ ዴዴሳ፣ መጨረሻው ሜዲትራኒያን ነበር።

እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የሚመሰክረው

ጥቁረቱ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም። ዝናቡ ቀንሶ ኦክስጅን ወደ ጥልቁ ሲመለስ ከላይ ያለውን የብስባሽ ክፍል አቃጥሎታል። በዓይን ብቻ የሚያይ ሰው ስለዚህ እርጥቡ ዘመን ከእውነተኛው መጨረሻው ቀድሞ ያበቃ ይመስለዋል። ስህተቱን የሚያርመው ባሪየም ነው።

ባሪየም በሞቱ ፕላንክተኖች ብስባሽ ውስጥ ባራይት የሚባል ጠንካራ ማዕድን ሆኖ ይዘቅጣል። በውሃው ላይ ሕይወት በበዛ ቁጥር ወደ ወለሉ የሚወርደው ባሪየም ይበዛል። ኦክስጅን ብስባሹን ሲያቃጥለው ባራይቱ ግን ይቀራል። እንጨቱ ነዶ አመዱ እንደሚቀር ማለት ነው፤ አመዱን የለካ ሰው ምን ያህል እንጨት እንደነበረ ያውቃል። የመጨረሻው ንብርብር እስከ 6,100 ዓመት በፊት መዝለቁ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ሞሊብዲነም፣ ዩራኒየምና ቫናዲየም የሚመሰክሩት ስለ ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን ባለበት ባህር ሦስቱም በውሃው ውስጥ ሟሙተው ይኖራሉ፤ ወለሉ ላይ በብዛት አይቀመጡም። ኦክስጅን ሲጠፋ ግን ኬሚካዊ ጠባያቸው ይለወጥና ከደለሉ ጋር ይጣበቃሉ። በተለይ ሞሊብዲነም የሚከማቸው የተበላሸ እንቁላል ሽታ ያለው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ባለበት ነው። ስለዚህ መጠኑ በጣም ከፍ ሲል ጥልቁ ውሃ ኦክስጅን ማነስ ብቻ ሳይሆን ፈጽሞ መታፈን ደርሶበት እንደነበር ያሳያል።

ማንጋኒዝ ጠባዩ የእነዚህ ተቃራኒ ነው። አየር በታጣበት ጭቃ ውስጥ ይሟሟል፤ አየር ሲያገኝ ደግሞ ኦክሳይድ ሆኖ ይረጋል። ከጥቁሩ ንብርብር በላይ የሚታየው የማንጋኒዝ ክምችት ባህሩ እንደገና መተንፈስ የጀመረበትን ወቅት ያመለክታል። ሁሉም ምስክሮች ለየብቻ ቢጠየቁም ቃላቸው ይገጥማል፤ የዘዴው ጥንካሬም ያለው እዚህ ላይ ነው።

የናይል ጎርፍ የምሥራቅ ሜዲትራኒያንን ሕይወት ይወስናል የሚለው ሐሳብ በዘመናችንም ታይቷል። ግብፅ እ.ኤ.አ. በ1970 በተጠናቀቀው የአስዋን ታላቅ ግድብ ውሃ መያዝ በ1964 ስትጀምር፣ በዴልታው ፊት ለፊት ባለው ባህር የሰርዲን ዓሣ ምርት ወዲያው አሽቆለቆለ። ጎርፉ ይዞት ይመጣ የነበረው ምግብ ቆሞ ነበርና።

አፈሩ ከየት መጣ?

ከላይ ያየነው ስለ ባህሩ ነው። ስለ እኛ ደጋ የሚናገረው ስትሮንቲየም ነው። ስትሮንቲየም በክብደት የሚለያዩ ዓይነቶች አሉት፤ ሳይንቲስቶች አይሶቶፕ ይሏቸዋል። ከእነዚህ አንዱ ስትሮንቲየም 87 ከሩቢዲየም ቀስ በቀስ የሚፈጠር ነው። ስለዚህ ሩቢዲየም የበዛበት አሮጌ ዓለት በቢሊዮን ዓመታት ውስጥ ብዙ ስትሮንቲየም 87 ያጠራቅማል። የኢትዮጵያ ደጋ ግን በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ከምድር ሆድ ፈልቶ በወጣ ባዛልት የተሸፈነ ነው። በጂኦሎጂ ዓይን ገና ልጅ ነው፤ ሩቢዲየሙም ጥቂት ነው። በመሆኑም የስትሮንቲየም 87 እና 86 ንጽጽር በባዛልት 0.704 አካባቢ ሲሆን፣ ከጥንት ዓለቶች የሚነሣው የሰሃራ አቧራ ከ0.71 በላይ ይሆናል። ነጭ አባይም በአሮጌ ዓለት ላይ የሚፈስ ስለሆነ ቁጥሩ ከጥቁር አባይ ከፍ ይላል።

ልዩነቱ ሲጻፍ ትንሽ ቢመስልም መሣሪያዎቹ በግልጽ ይለዩታል። ከናይል ውቅያኖስ ፊት የወጣ ጭቃ ተለክቶ ቁጥሩ ዝቅ ካለ የኢትዮጵያ አፈር በዝቷል፤ ከፍ ካለ የነጭ አባይ ወይም የበረሃ አቧራ በዝቷል ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 ማይክል ክሮምና ባልደረቦቻቸው ይህንኑ በናይል ዴልታ ከማንዛላ ሐይቅ በወጣ የ7,000 ዓመት ናሙና ላይ ሞከሩት። ያገኙት ውጤት ብዙዎች ከሚጠብቁት የተለየ ነበር። በደለሉ ውስጥ የኢትዮጵያ አፈር ድርሻ ከፍተኛ የሆነው ዝናቡ በበረታበት ዘመን ሳይሆን፣ ዝናቡ እየቀነሰ ሄዶ ከ4,200 ዓመት በፊት አካባቢ ነው። ይህ ደግሞ በግብፅ የጥንቱ መንግሥት ተብሎ የሚታወቀውና ታላላቆቹን ፒራሚዶች የሠራው ሥርዓት ከፈረሰበት የድርቅ ዘመን ጋር ይገጥማል።

ዝናብ ሲያንስ አፈር ለምን በዛ? ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ ለማንኛውም የአገራችን ገበሬ እንግዳ አይደለም። ዝናቡ ረጅምና በቂ በነበረበት ጊዜ ደጋው በዛፍና በሣር ተሸፍኖ ነበር። ሥሩ አፈሩን ይይዛል፣ ቅጠሉ የዝናቡን ምት ያበርዳል። ዝናቡ አጥሮ መሬቱ ሲራቆት ግን የቀረው ጥቂት ዝናብ በአጭር ጊዜ ወርዶ ባዶውን ተዳፋት አጠበው። ውሃው ቀነሰ፤ አፈሩ ጨመረ።

ማንበቢያው ቀላል አይደለም

ይህ ማለት ግን ማንኛውም የባህር ጭቃ አንድ ዓይነት ንባብ ብቻ አለው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ማሪ ሬቬልና ባልደረቦቻቸው ከናይል ፊት ለፊት ካለው የባህር ወለል በወጣ ናሙና የ100 ሺህ ዓመት ታሪክ አሳትመዋል። በእርጥብ ዘመናት ብረት የበዛበት የኢትዮጵያ ደጋ ጭቃ ሲገን፣ በደረቅ ዘመናት የሰሃራ አቧራ ሲያይል አይተዋል። ከክሮም ውጤት ጋር የሚጋጭ ይመስላል። ልብ ብሎ ላየው ግን ጥያቄዎቹ የተለያዩ ናቸው። አንደኛው የወንዝን ጭቃ ከነፋስ አቧራ ጋር ያነጻጽራል፤ ወንዙ ሲሞላ ድርሻው ይጨምራል። ሌላው በወንዙ ጭቃ ውስጥ የሁለቱን አባዮች ድርሻ ይመዝናል። የናሙናው ቦታና የዘመኑ ርዝመትም የተለያየ ነው።

ሌላም ገደብ አለ። ስትሮንቲየም የባዛልት አገር አፈርን ከሌላው ይለያል እንጂ የጎጃምን ከጎማ፣ የወለጋን ከሊሙ ለይቶ አይናገርም። ከባህር የወጣን አንድ ቅንጣት ይዞ ይህ የአጋሮ አፈር ነው ማለት አይቻልም። ማለት የሚቻለው ዴዴሳ ከአባይ ትላልቅ ገባሮች አንዱ እንደመሆኑ፣ በዚያ ክምችት ውስጥ የራሱ ድርሻ እንዳለው ነው።

ከባህር ርቀው የሚገኙ የአገራችን ሐይቆችም ማመሳከሪያ ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አስፋወሰን አስራት በተሳተፉበት ዓለም አቀፍ ፕሮጀክት በደቡብ ኢትዮጵያ ጨው ባህር ላይ ወደ 280 ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ 620 ሺህ ዓመት ገደማ የሚሸፍን የደለል ዘንግ ወጥቷል። እዚያ ዋናው ምስክር ፖታሲየም ነው፤ ሐይቁ ሲደርቅ በጭቃው ውስጥ ይጨምራል፤ ሐይቁ ሲሞላ ይቀንሳል። ባህርና ሐይቅ የሰጡት ቃል ሲገጥም የዘመኑ ታሪክ ይበልጥ ይታመናል።

መዝገቡ ቦታ ቀይሯል

ዛሬ ከዴዴሳ የሚነሣ አፈር ሜዲትራኒያን አይደርስም። ከአስዋን ግድብ ወዲህ የናይል ደለል ማለት ይቻላል በሙሉ ከግድቡ ጀርባ ይቀር ነበር። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከዴዴሳና ከአባይ መገናኛ በታች የሚገኝ በመሆኑ፣ የዴዴሳ ደለል አብዛኛው የሚቆመው አሁን አገር ውስጥ ነው። ባህሩ ለሺህ ዓመታት ሲጽፈው የኖረው መዝገብ ተዘግቶ አዲስ መዝገብ በግድቦቻችን ወለል ተከፍቷል።

በጅማ በኩል ያለው መዝገብ ደግሞ ከዚህ ቀድሞ ነው የተከፈተው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው ግልገል ጊቤ አንድ ከጅማ በስተሰሜን ምሥራቅ ይገኛል፤ የማመንጨት አቅሙ 184 ሜጋ ዋት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀው ጊቤ ሁለት፣ አቅሙ 420 ሜጋ ዋት ሲሆን፣ የራሱ ትልቅ የውሃ ማጠራቀሚያ የለውም፤ ከአንደኛው የወጣውን ውሃ በ26 ኪሎ ሜትር ዋሻ እየተቀበለ ነው የሚሠራው። በሌላ አነጋገር የ604 ሜጋ ዋት ኃይል የተንጠለጠለው በአንድ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ ነው። ያ ሐይቅ ደግሞ በየክረምቱ ከጅማ፣ ከሰቃ፣ ከቀርሳና ከኦሞ ናዳ ተዳፋቶች የታጠበውን አፈር ይቀበላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት ደለሉ ግድቡን ከታቀደለት ዕድሜ በፊት ሊሞላው እንደሚችል አስጠንቅቀዋል።

እዚህ ላይ ነው የባህሩ ምስክርነት ለዛሬ የሚጠቅመው። አፈርን የሚያሳጣው የዝናቡ ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ የሰው ልጅ እጁን አጣጥፎ ከመመልከት በቀር ምርጫ አይኖረውም ነበር። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚያገኘው የጅማ አካባቢም ከሁሉ ይልቅ በተጎዳ ነበር። የማንዛላ ደለል የሚለው ግን ሌላ ነው፤ ወሳኙ ዝናቡ ሲወርድ መሬት ላይ የሚጠብቀው ነገር ነው።

በጅማና በአካባቢው የቡና ከተሞች ይህን መከላከያ የሠራው መንግሥት ወይም ፕሮጀክት አይደለም። በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር የሚያድገው ቡና ነው። ከላይ ዛፉ፣ ከመሐል ቡናው፣ ከታች የረገፈው ቅጠል ሆነው ለቀዩ አፈር ሦስት ድርብ ልብስ ያለብሱታል። እንደ በለጠ ገራ ያለው ደን ሲቆም የሚተርፈው ዛፍና አዕዋፍ ብቻ አይደለም፤ አፈሩም የግድቡም ዕድሜ ነው። በአንጻሩ ቡና ተነቅሎ መሬቱ ለበቆሎ ሲታረስ፣ ወይም ከሥሩ ሣር እምብዛም በማያበቅል ባህር ዛፍ ሲተካ፣ ከሦስቱ ልብሶች ሁለቱ ወይም ሦስቱም ይወልቃሉ። ገበሬው ይህን የሚያደርገው ደኑን ጠልቶ ሳይሆን የቡና ዋጋ አላዋጣ ሲለው ነው። ስለዚህ የአፈሩ ጉዳይ የግብርና ባለሙያ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቡና ገበያ፣ የመሬት አጠቃቀምና የኤሌክትሪክ ዕቅድ ጉዳይም ነው። በግድብ ላይ በቢሊዮን የሚያወጣ አገር ከግድቡ በላይ ላለው የቡና ጥላ ዛፍ ምን ያህል ይከፍላል የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል።

ከሺህ ዓመት በኋላ አንድ ተመራማሪ በግልገል ጊቤ ወይም በሕዳሴው ግድብ ወለል ላይ ቱቦ ሰክቶ የእኛን ዘመን ደለል ያወጣ ይሆናል። ባሪየሙን፣ ማንጋኒዙን፣ ስትሮንቲየሙን ይለካል፤ የንብርብሩንም ውፍረት በሴንቲ ሜትር ይመዘግባል። የእኛ ዘመን ንብርብር ስስ ሆኖ ይገኝ እንደሆነ ወይም እንደ 4,200 ዓመቱ ወፍሮ ይታይ እንደሆነ የሚወሰነው ግን ዛሬ ከጅማ እስከ አጋሮ፣ ከሊሙ እስከ ገራ ባሉት ተዳፋቶች ላይ ነው።